ትራሱን የነጠቀችው ልጅ

ኑ ጠጋ በሉ... ዝም! አንተ ከኋላ የምታሽካካው፣ አፍህን ዝጋ። ዛሬ ተናድጃለሁ!

"አንቺ ልጅ፣ ትራሴን መልሺ!"

ልብስ ሰፊው ነው የሚጮኸው... የሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ።

ስኳር ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አስቆርጦታል። መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድ ነበር፦ "ስንቱን ሱሪ ሳሳጥር ኖሬ፣ ዛሬ እኔው አጠርኩ!"

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው... ሰው ሠራሽ እግር አስገጥሞ ወደ ስፌት መኪናው መመለስ።

የተቆረጠ እግሩን የምታፍታታለትን ፊዚዮቴራፒስት በሽተኛው ሁሉ "ወታደሯ" ነው የሚላት። በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ከጉልበቱ ሥር ትራሱን መንጭቃ ወንበር ላይ ትወረውራለች።

"አባቴ፣ ይዘርጉት!"

"ያመኛል እኮ!"

"ይመምዎት! ካልዘረጉት ታጥፎ ይቀራል።"

ይሄን ጊዜ ታላቅ እህቱ ከወንበሯ ብድግ!

"ሰማችሁ? በወንድሜ አሟረተችበት!"

ልጅቷ ዞር ስትል ትራሱን መለሰችለት። "እፎይ በል የኔ ጌታ... ምን ያለች አረመኔ ናት!"

እሱም እፎይ አለ። የተመቸው ሰው ምን ይጠይቃል?

በመጨረሻ ሁለቱ ተማክረው ለኃላፊው ከሰሷት። "ታሠቃያለች፣ ታሟርታለች።" ልጅቷን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሯት።

አምስት ሳምንት ሙሉ... ትራስ ላይ እንደ ንጉሥ ተኛ።

ከዚያ እግር ሠሪው ሜትሩን ይዞ መጣ። ጉልበቱን ያዘና ሊዘረጋው ሞከረ... እምቢ! እንደ ዛገ ማጠፊያ።

"ይሄ ጉልበት ደርቋል። እንዲህ ታጥፎ እግር አይገጠምለትም።"

"ማነው ያደረቀው?" አለ ልብስ ሰፊው።

እግር ሠሪው በጣቱ ጠቆመ። "ይሄ ትራስ።"

ልብስ ሰፊው ፊቱ ከሰል መሰለ። እህቱን አየ... ትራሱን አየ... ለካ ልጅቷ አላሟረተችም፣ ስታስጠነቅቀው ነበር!

"ወታደሯን ጥሩልኝ!" ብሎ ጮኸ።

መጣች። ይቅርታውን እንኳ አላስጨረሰችውም። "ይዘርጉ!"

ሁለት ወር... ፎጣ ነክሶ፣ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ ጉልበቱን ዘረጋ!

ወገን፣ እኔን የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? እህትየው አዛኝ ቅቤ አንጓች ብትሆን ኖሮ እንነቃባት ነበር። እሷ ግን ከልቧ ነው የምትወደው... እሱ ነው የባሰው! "ምስኪን" እያለ የሚያስተኛን ደግ ይባላል፣ ተነስ የሚለን ጨካኝ። ፍቅር ሁሉ አይጠቅምም፣ ስሙኝ!

እናንተስ... ትራስ ያቀበላችሁን ነው የምታመሰግኑት ወይስ የነጠቃችሁን? ኮመንት ላይ ጻፉ። ግን "እህትየው ምን አጠፋች?" የምትሉኝ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይቺን ስሙ።

እግሩ የተገጠመለት ቀን ነው። ግራና ቀኝ የመራመጃ መለማመጃውን ብረት ጨብጦ ሊነሳ ሲል፣ እህቱ ያንኑ ትራስ ታቅፋ ከች አለች።

"ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ጋደም ብትል? እኔ ክፉ አስቤልህ አውቃለሁ?"

"እትዬ፣ ትራሱን ውሰጂና አንቺ ተኚበት... እኔ ልቆም ነው!"