መቀናጆ

ላቀው ቀንበሩን በቦራ ጫንቃ ላይ አጋድመው ማነቆውን አስገቡ። የቀንበሩ ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ወደቀ። በሬው አንገቱን ወደዚያው አዘንብሎ ቆመ።

«በአንድ በሬ ምን ሊያደርጉ ነው፣ አባዬ?» አለች ንግሥቴ። የዘሩን ዳጉሳ በቁና አቅፋለች።

አያቷ ላቀው ቀና አሉ። ዓይናቸው ቁልቁል መንገዱ ላይ ነበር።

ሰኔ ሚካኤል አልፏል። ዝናቡ ከገባ ሰነባብቷል፤ በዚህ ሰሞን መሬት ያልነካ ዳጉሳ ለከርሞ እህል አይሆንም። ባለፈው የካቲት፣ ቡሬ የመሸገው ጣሊያን የላካቸው ባንዶች ቤታቸውን ሲያቃጥሉ፣ የላቀው ልጅ ደረሰ፣ የንግሥቴ አባት፣ ደጁ ላይ በጥይት ወደቀ። ከቦራ ጋር የሚጠመደውን በሬ ዳለቻን እዚያው አርደው በሉት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው፣ ንግሥቴና ትንንሽ ወንድሞቿ ከከሰለው ግድግዳ ጥግ በተቀለሰች ጎጆ ያድራሉ። ጎጆዋን የሠሩት ላቀው ናቸው። ልጃቸውን በቀበሩ ማግሥት እንጨት ሲቆርጡ ዋሉ እንጂ ሲያለቅሱ ያያቸው የለም።

ከብሳናው ዛፍ ጥግ አንድ ሽማግሌ በሬ እየነዱ ብቅ አሉ። ንግሥቴ ከሰውየው በፊት በሬውን ለየችው፤ ጥቁር ነው፣ አንድ ቀንዱ ወደ ጆሮው የተቆለመመ።

«ይኼ የክንዱ በሬ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ባንዶቹን እየመራ ደጃችን ያደረሳቸው የሱ ልጅ አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«በሬው ባንዳ አልገባም» አሉ ላቀው፣ ሞፈሩን እያነሡ። «መቀናጆ እንሁን ብዬው ነው። የሱንና የኛን ጠምደን፣ አንድ ቀን የኛ፣ አንድ ቀን የሱ ይታረሳል።»

«ከአገሩ ሰው ሁሉ እሱን መርጠው?»

«በሬ የተረፈው ማን አለ?»

ክንዱም የቀራቸው ይኼው አንዱ ነው። ሌላውን ጫካ ያሉት አርበኞች «የባንዳ አባት» ብለው ነድተውባቸዋል። ንግሥቴ ያን የሰማች ቀን ደስ ብሏት ነበር።

ክንዱ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከቀብሩ ወዲህ የላቀውን ማሳ ረግጠው አያውቁም።

«ልግባ ላቀው?» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ንግሥቴ ወደ አያቷ ዞረች። ላቀው በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው አዩት።

«ቀኝ ነው ግራ የለመደው?»

«ቀኝ።»

«እንግዲያው በዚህ በኩል ስደደው።»

ክንዱ በሬውን ለቀቁት እንጂ እሳቸው አልገቡም። ላቀው ብቻቸውን ጠመዱት፤ እርፉን ጨበጡ።

ሁለቱ በሬዎች ትውውቅ የላቸውም። ቦራ ወደ ዳገቱ ሲል ጥቁሩ ወደ ቁልቁለቱ ሳበ። ማረሻው ከአፈሩ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ሽማግሌው በጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተደፉ። ክንዱ አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ከንግሥቴ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መልሰው አሳረፉት። ላቀው ተነሡ። ጉልበታቸውን በእጃቸው ጠርገው፣ በሬዎቹን አቃንተው ጀመሩ። ደግመው ወደቁ።

ንግሥቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጥማዱ እምቢ ቢላቸውና ቢተዉት ደስ ባላት።

ላቀው አሁንም ተነሡ። ዓይናቸውን ከትልሙ ሳያነሡ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ደረሰ፣ ፊታቸውን ያዝልኝ» አሉ።

አዲስ ጥማድ ባስቸገራቸው ቁጥር ከፊት እየሄደ የሚመራላቸው ደረሰ ነበር። ስሙ ካፋቸው ከወጣ በኋላ እርፉን እንደጨበጡ ደርቀው ቀሩ። ክንዱ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ላቀው ጎንበስ አሉ። ጅራፋቸውን ከጭቃው አነሡ።

ንግሥቴ ቁናውን ሣሩ ላይ አኖረች። መቀነቷን አጥብቃ ሄደችና ከፊት ሆና በሁለቱ በሬዎች መካከል ቀንበሩን ያዘች። የጥቁሩ በሬ ትንፋሽ ክንዷን አሞቀው።

«ቀስ ብለሽ» አሉ አያቷ ከኋላ።

ቀስ ብላ ተራመደች። በሬዎቹ መጀመሪያ ተጓተቱ፣ ኋላ እርምጃዋን ተቀበሉ። ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ ይሰማታል። ዞራ አላየችም።

ትልሙ ድንበሩ አጠገብ ሲደርስ የክረምቱ ጎርፍ ያንከባለለው ድንጋይ ፊቷ ተጋደመ። ከድንጋዩ ወዲያ ክንዱ ቆመዋል። ንግሥቴ በሬዎቹን አቆመች። ከድንጋዩ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያ ክንዱ» አለች በመጨረሻ፣ «ይኼን ድንጋይ ያንሡልን።»

ክንዱ ዱላቸውን ጥለው ገቡ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አቀፉት፤ አልነቃነቅ አላቸው። ላቀው እርፉን ለቀው መጡና በወዲህ በኩል ያዙላቸው። ንግሥቴ ሁለቱን በሬዎች ይዛ፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን እየተንገዳገዱ ከማሳው እስኪያወጡት ጠበቀች።