ሳሙና ፀጉሯ ላይ

የቀበሌዋ ሊቀመንበር እታገኝ ፀጉሯን በሳሙና አሽታ ገና ሳታለቀልቀው ቧንቧው ቀጥ አለ።

ሥልጣን ከላይ ወደ ቀበሌ ከወረደ ወዲህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ በአንድ ነዋሪ ቤት እንኳ ውሃ ከቆመ፣ የሊቀመንበሩም ቧንቧ በራሱ ይዘጋል።

"ደግሞ ዛሬ የማን ቤት ነው?" አለ ባሏ፣ አረፋ የለበሰ ሰሃን እንደያዘ።

ስልኳን አየች። "የጋሽ ድንበሩ።"

ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ዳገቱን ወጣች። ጎረቤቶቿ ነገሩ ስለገባቸው እየሳቁ መንገድ ለቀቁላት። ጋሽ ድንበሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ጋሼ፣ ቧንቧው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። እኔው ነኝ የዘጋሁት።"

"ለምን?"

"ምርጫው ደረሰ አይደል? እንደተመረጥሽበት ሰሞን አሁንም እየሮጥሽ ትመጪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

እታገኝ ልትቆጣ ስትል አረፋው ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ሳቋም አመለጣት።

"እንግዲያው ይክፈቱትና እዚሁ ያስታጥቡኝ።"

ሽማግሌው ከፍተው በጆግ ቀድተው መጡ።

"ጎንበስ በይ" አሏት።

ሊቀመንበሯ ጎንበስ አለች።