የጨፌው ጥቆማ

ከዳባት በታች፣ ጨፌው ዳር፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሁለት ጥማድ መሬት ነበራቸው። የይዞታ ደብተሩ በስማቸው ነው፤ ፎቷቸውም አለበት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተዋል። መሬቱን የሚያርሱት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ገዱና እንግዳው፣ ናቸው። እሳቸው ልጆቹ የሰጧቸውን ይቀበላሉ።

የሚሰጧቸው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ያመጡላቸው ገብስ ነቀዝ የበላው ነበር። እማሆይ በእጃቸው ዘገን አድርገው አሸተቱት።

በሰኔ ወንድማማቾቹ መሬቱን ሊካፈሉ በገመድ ለኩት። እናታቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«መንኩሳለች። መሬት ምን ይሠራላታል?» አለ ገዱ።

«ማን ጋ ትቀመጥ ታዲያ?»

«አንተ ጋ ነዋ!»

«የእኔ የታችኛው ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል» አለ እንግዳው። «የላይኛውን የወሰደ እሷንም ይውሰድ።»

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ያን ሰሞን ጨፌው ውስጥ አህያ ሞቶ መንደሩን አግምቶት ነበር።

ሲጨቃጨቁ ውለው ተስማሙ። ገብሱ ሲነሣ ደብተሩን ወደየስማቸው ሊያዞሩ ተቃጠሩ።

በዚያው ክረምት የጨፌ መመሪያ ተቀየረ። ድሮ ጨፌ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይጠፋበት ቦታ ብቻ ነበር። አሁን ክረምት ውሃ የሚተኛበትም፣ ከዳሩ ሃምሳ እርምጃ ድረስ ያለውም ተጨመረ። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ላቀው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ አነበበው።

«ጨፌ የተባለ መሬት አይታረስም፣ አይከፋፈልም፣ ለሌላ አይተላለፍም። ሣሩን ባለይዞታው እያጨደ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያውቅ ሰው ያመልክት፤ መጥተን እናያለን።»

«ለእንቁራሪት ደብተር ልታወጡላት ነው?» አለ ገዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጨፌውን የሚጠብቅ ኮሚቴ ከመንደሩ ሲመረጥ እንግዳው አንዱ ሆነ። ማንም ልብ አላለውም። በሳምንቱ እማሆይ ጨው አለቀብኝ ብለው ዳባት ወጡና ዘመድ ቤት አድረው ተመለሱ።

በጥቅምት ላቀው ጭንቅላታቸው ቀይ የተቀቡ ሠላሳ ችካሎች አስጭኖ መጣ። ውሃውን አየ፣ እርምጃውን ቆጠረ፣ ችካሎቹን አስተከለ። የገዱ የላይኛው መሬት ሳይቀር ጨፌ ውስጥ ገባ።

«የቆመውን ገብስ እጨዱ» አለ። «ከእንግዲህ ግን ሞፈር አይገባበትም።»

«ማን ነው የጠቆመህ?» ገዱ አንገቱን ያዘው።

«ያመለከተ ሰው አለ። ስሙን አልናገርም።»

ገዱ መስማት አላስፈለገውም። የታችኛው የደረሰው ማን ነው? ኮሚቴ የገባውስ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙን ባየ ቁጥር ምራቁን ይተፋል። እንግዳው የነካውን ጽዋ በማኅበር ላይ ሳይጠጣ መለሰው። አንድ ጠዋት የእንግዳው በሬ ቋንጃው ተቆርጦ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ፣ ዝንብ ወርሶት ተገኘ። እንግዳው መቅደስ በር ላይ ወድቆ ማለ። «እኔ ከሆንሁ ልጆቼን አያሳድግልኝ!» ያመነው የለም። የገዛ ሚስቱም አላመነችውም።

እማሆይ ግን ሣሩን በሰው እያሳጨዱ ለዳባት ባለጋሪዎች መሸጥ ጀመሩ። «በስተርጅና ሣር ነጋዴ ሆኑ» ብሎ ሰው አዘነላቸው።

በጥር ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ተገናኙ። ገዱ መጥረቢያ ይዞ ነበር። እንግዳው በእጁ ሲመክት ሁለት ጣቶቹን አጣ። ደሙ የቆመው ሰው ተሯሩጦ በጨርቅ ካሰረለት በኋላ ነው።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌ ሰብስበው ላቀውን አስጠሩት።

«ወንድማማች እየተላለቀ ነው» አሉት። «የጠቆመው ሰው ይታወቅ። ካስፈለገም እናወግዘዋለን።»

በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እንግዳው እጁን አቅፏል። ገዱ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

«ስምህን ስማ!» አለው። «ከሃዲ! የእናትህን መሬት ለረግረግ የሸጥህ ቆሻሻ!»

እንግዳው አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ በመጸየፍ ፊታቸውን አዞሩበት።

ላቀው መዝገቡን ገልጦ ወረቀቱን አወጣ። አየት አደረገውና መልሶ አጠፈው።

«አንብበው እንጂ፣ ልጄ» አሉ እማሆይ ወለተ ሥላሴ። «የጻፍኸው አንተ፣ አውራ ጣቴን ያተምሁበት እኔ፤ ምን አሳፈረህ?»