ፍሬን ያዡ

ፕሪበን በዴንማርክ ባሕር ዳርቻ ባለ መናፈሻ፣ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወረወረው የእንጨት ሐዲድ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነው። አምና ጓደኛው ሄኒንግ መታጠፊያው ላይ ሐዲዱን ሲጠግን በባቡሩ ተገጭቶ ሲሞት፣ ፕሪበን «ፍሬኑ እንቢ አለኝ» ብሎ ማለ። እውነቱ ግን ከኋላው ከተቀመጡ ልጃገረዶች ጋር ሲሳሳቅ ፍሬኑን ጭራሽ አልነካውም ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ መናፈሻው ገና ሳይከፈት፣ የሄኒንግ ሚስት ኢንገ መጥታ ባዶው ባቡር ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እዚያ ቦታ አንዴ ውሰደኝ። ካንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

«ይቅርብሽ ኢንገ፣ ትደነግጫለሽ።»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንተ ብቻ እዚያ ስትደርስ ቀስ አድርገው።»

እሱም ባቡሩን አስነሳ። ባቡሩ ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል ሲምዘገዘግ መታጠፊያው ብቅ አለ። ፕሪበን ወኔው ከዳው፤ የፍሬኑን እጀታ ለቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ባቡሩ ግን ቀስ፣ ቀስ እያለ ሄዶ መታጠፊያው ላይ ቆመ።

ኢንገ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ዘረጋችና እጀታውን የጨበጠውን እጅ ዳሰሰች።

«ተባረክ ፕሪበን» አለችው። «ምነው እጅህ እንዲህ ቀዘቀዘ?»