ለቁራሌ የታጨችው ቀይ አልፋ

"ጋሽ ሀምዱ... ማስረጃ ካላመጡ ይቺን መኪና ለቁራሌ ነው የምጽፋት።"

ጋሽ ሀምዱ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው።

"ለማን?!"

"ለቁራሌ!"

ኧረ ተው... ለደሴ ሰው እንዲህ ተብሎ በሰላም አይታደርም!

መኪናዋ ሁለት በር ያላት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ናት። በጃንሆይ ዘመን የገባች የስፖርት መኪና። ስሟም "ሙሽሪት" ነው... የሰርግ ሰሞን ሙሽራ ሳትይዝ ውላ አታውቅምና።

ጋሽ ሀምዱ ላለው በክፍያ፣ ለሌለው በዱዓ ነው ሙሽራ የሚወስዱባት። እስላም ክርስቲያን ብለው መርጠው አያውቁም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው... ሙሽሮች ኮምቦልቻ አድርሰው ሲመለሱ፣ ሐረጎ ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መጣባቸው።

እሳቸው ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። ሙሽሪት ግን ፊቷም ጎኗም ተጨማደደ፣ ውስጧ ተዘረጋገፈ።

ኢንሹራንስ አላት። ነገሩ ግን ወዲህ ነው...

የኢንሹራንሱ ገማች "ከአደጋው በፊት ጥሩ ዋጋ ነበራት" ብሎ ከጻፈ ኢንሹራንሱ ያስጠግናታል። "አሮጌ ናት" ካለ ግን ማስጠገኛው ከዋጋዋ ስለሚበልጥ ለእሳቸው ብር ተከፍሎ እሷ ለቁራሌ ትሸጣለች።

ጋሽ ሀምዱ ብሩን ምን ያደርጉታል? የሚፈልጉት ሙሽሪትን ነው። ባለቤታቸውን ዘይቱናን ከአባቷ ቤት ያመጧት በእሷ ነዋ!

ገማቹ ወንድምአገኘሁ ይባላል። ፊቱ የማይፈታ ወጣት። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና...

"ከአደጋው በፊት የተነሳች ፎቶ አለዎት? ወንበሯን፣ ዳሽቦርዷን የሚያሳይ?"

የላቸውም!

ሙሽራ ፎቶ ሲነሳ እሳቸው ዘወር ይላሉ። "የሹፌር ፊት አልበም ያበላሻል" እያሉ ይቀልዱ ነበር... ይኸው ቀልዱ ዞሮ መጣባቸው።

"ወላሂ ልጄ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት!"

"ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እስከ ሰኞ ማስረጃ ያምጡ።"

ይህን ብሎ በሙሽሪት ወንበር ስር እጁን ሰደደ... የሆነች ትንሽ ነገር አወጣ... አየት አደረጋትና ኪሱ ከተታት።

ጋሽ ሀምዱ አዩት። "ጭራሽ ሌባም ነው!" አሉ በሆዳቸው።

ቤታቸው ሲገቡ ምግብ አልቀምስም አሉ።

"ዘይቱና፣ ያ ልጅ የሬሳ ኪስ የሚፈትሽ ሰው ነው!"

"ተው እንጂ ሀምዱ፣ ሰው ማማት ሀራም ነው።"

ማን ሰምቷት! እሁድ ፒያሳ ላይ ላገኙት ሁሉ ስሙን ሲያጠፉ ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ሙሽሪትን ሊሰናበቱ ኮምቦልቻ ወረዱ። የጋራዡ በር በሰው ተሞልቷል።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አሉ ደንግጠው።

ማንም አልሞተም... ሁሉም የሰርግ አልበሙን ታቅፎ ነው የመጣው!

"ጋሼ፣ ዳሽቦርዷ ይኸው!" አለ ከገራዶ የመጣው ሚስባህ።

ሰርካዲስ ያመጣችው ፎቶ ግማሹ የለም። እሷና መኪናዋ ብቻ ቀርተዋል።

"ባሌን ቀድጄ ጣልኩት... መኪናዋ ግን ምን አጠፋች?"

ጋራዡ በሳቅ አለቀ።

ወንድምአገኘሁ ግን አልሳቀም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከጀርባቸው ያለውን ቀን አየ። የድሮውን ባለፈው ወር ከተነሳው ጋር አስተያየ። ከዚያ ቀና አለ።

"ጋሽ ሀምዱ... መኪናዎ አደጋው እስከደረሰባት ቀን ድረስ አላረጀችም። ግምቷን እንደዚያው እጽፋለሁ። ትጠገናለች።"

ጋሽ ሀምዱ እዚያው ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ሱጁድ ወረዱ።

ሲነሱ ወደ ሰዉ ዞሩ። "አላህ ይስጣችሁ... ግን ማን ነገራችሁ?"

ሥርጉት የምትባል፣ ከደሴ ዙሪያ ጎመን እያመጣች የምትሸጥ ሴት ወደ ገማቹ ጠቆመች።

"እሱ ነዋ! ቅዳሜ ገበያ ድረስ መጥቶ ይቺን አሳየኝ።"

መዳፏን ከፈተች... አንድ ፍሬ ጉትቻ!

ከሙሽሪት ወንበር ስር የወጣችው!

ወንድምአገኘሁ ጉትቻዋን ሲያገኝ "የዚህች ባለቤት ፎቶ ይኖራታል" ብሎ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄደ። ፎቶ አንሺው ሳቀ። "አንዲት ሙሽራ ጉትቻዋ ጠፍቶባት፣ ጆሮዋን በእጇ ሸፍና ነው ያነሳኋት!" አለው። ያቺ ሙሽራ ሥርጉት ናት... ጋሽ ሀምዱ በዱዓ ብቻ የወሰዷት።

እሷ በሙሽሪት የተዳሩትን ሌሎቹን ጠቆመችው። ልጁ የእረፍት ቀኑን ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ... ጋሽ ሀምዱ ስሙን እያጠፉ በዋሉበት እሁድ!

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ልጄ?"

"ፎቶው ባይገኝስ? በከንቱ ተስፋ ልሰጥዎት አልፈለግኩም። ያን ቀንም አምኜዎት ነበር... ግን የእኔ ማመን ወረቀት ላይ አይጻፍም።"

የጋሽ ሀምዱ ዕንባ ዱብ ዱብ አለ።

"አፉ በለኝ... ለመኪናዬ ዋጋ ነፈጉኝ እያልኩ ሳለቅስ፣ ለአንተ ዋጋ የነፈግኩህ እኔ ነኝ።"

ሙሽሪት ተጠግና ስትወጣ መጀመሪያ የያዘችው ሙሽራ ማን ይመስላችኋል?

ራሱ ወንድምአገኘሁ! ክፍያውም በዱዓ!

ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ሀምዱ እንደ ልማዳቸው ዘወር ሊሉ... ሙሽራው እጃቸውን ያዘ።

"የትም አይሄዱም ጋሽ ሀምዱ... ማስረጃ ያስፈልገኛል!" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀ።

ወዳጆቼ... ያደረጋችሁት ደግነት እናንተ ብትረሱት እንኳ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ፊቱ ስላልተፈታ ብቻ ደግሞ ሰውን ርካሽ ዋጋ አትቁረጡበት... ማን ያውቃል፣ እናንተ ስታሙት እሱ ስለ እናንተ እየለፋ ይሆናል!

እናንተስ... በክፉ ገምታችሁት በኋላ ባለውለታችሁ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው ማነው? እስኪ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉና አመስግኑት... 👇