አንድ እርምጃ ወደ ኋላ

«ይሄ ጩኸት ነው እንዴ? ማዛጋት ነው እንጂ!» ይላል ሽማግሌው ተዋናይ ከመስታወቱ ማዶ፣ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገፋ አድርጎ።

ድምፅ ቀጂዋ ምስሉን መልሳ ታጫውተዋለች። እውነቱን ነው። የተራራው መምህር የሚነድ ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ነጭ ጢሙን ንፋስ ይበትነዋል፤ ገደሉን የተሻገረች ተማሪውን ጭልፊትን አፉን በርግዶ ይጣራል። ከዚያ ሁሉ አፍ የሚወጣው ግን አጠገብ ለተቀመጠ ሰው የሚነገር የምትመስል ቀጭን «ጭልፊት፣ ሩጪ» ናት።

«ይበቃል። ተቀድቷል አይደል?» ትላለች ሚስቱ።

ከድምፅ ቀጂዋ ጀርባ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዛሬ ስቱዲዮ የመጣችው ለጥበቃ ነው። ከነገ ወዲያ ባሏ ጉሮሮውን ቀዶ ጥገና ይደረጋል። ሐኪሙ እስከዚያ ድረስ እንዳይጮህ አጥብቆ አስጠንቅቋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚተርፈው ደግሞ ሐኪሙም አያውቅም። ጠዋት በሩ ላይ የድምፅ ቀጂዋን እጅ ይዛ፣ «አደራሽን ልጄ፣ እንዳይጮህ» ብላታለች። እሷም «እሺ እትዬ» ብላለች።

የዚህን የፍልሚያና የምትሃት አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ መምህር ሦስት ዓመት ሙሉ በእኛ ቋንቋ ያናገረው እሱ ነው። አርባ ስምንት ክፍል። የሰፈር ልጆች ስሙን ረስተውታል፤ «መምህር!» እያሉ ቡጢ ጨብጠው መንገድ ይዘጉበታል፣ እሱም እጅ ሳይነሳቸው አያልፍም። የቀረው የመጨረሻው ክፍል መጨረሻ ነው፤ ሁለት ቃል። ከምሳ በፊት ካለቀ፣ ሙሉው ተከታታይ በዲቪዲ ለመታተም ይላካል።

«ጋሼ፣ ከአምስተኛው ክፍል አንድ ጩኸት አለኝ» ትላለች ድምፅ ቀጂዋ፣ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭና። «እሱን ቆርጬ ልቀጥለው። ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ። የአምስተኛው የንዴት ነው፤ ጎራዴውን ሰርቀውት ነው የጮኸው። ይሄ ስንብት ነው። ድልድዩን የሚያቃጥለው ራሱ እኮ ነው፣ ልጅቷ እንዳትመለስ ብሎ።»

ሚስቱ ከኋላ ወደ መነጋገሪያው ጎንበስ ትላለች። «ከአንገት በላይ ብትለውስ ምን ይሆናል? ካርቱን ነው። ማን ልብ ይልሃል?»

«ከአንገት በላይማ አሁን ያልኩት ነው!» ይስቃል፤ ሳቁ ሳል ይሆናል። በድምፅ ማጉያው ሲመጣ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ሲናጥ ይመስላል። ሚስቱ ብድግ ትላለች። መዳፉን አንስቶ ደህና ነኝ ይላታል።

ውሃ ይጎነጫል። «እሺ፣ እንዳላችሁ። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ወደ ቤት።»

ሚስቱ ተመልሳ ትቀመጣለች። ምስሉ ይጀምራል። እሳቱ የድልድዩን ገመድ ይበላል። ጭልፊት ማዶ ደርሳ ፊቷን ታዞራለች። ጥሪው አምስት ሰከንድ ሲቀረው ሽማግሌው የንግግሩን ወረቀቶች ከማስቀመጫው ያነሳና፣ አንድ እርምጃ ከማይኩ ወደ ኋላ ይላል።

አንድ እርምጃ ብቻ። ሚስቱ ልብ አላለችም፤ ብትልም ምኑን ታውቀዋለች። ድምፅ ቀጂዋ ግን አስራ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀስ ብሎ ሊናገር የፈለገ ወደ ማይኩ ይጠጋል። የሚሸሸው ሊጮህ ያሰበ ነው።

አምስት። ግራ ጣቷ የመነጋገሪያው ቁልፍ ላይ ነው፤ «ጋሼ!» ብትል ይበቃል። አራት። ቀና ስትል እሱ ስክሪኑን ትቶ እሷን እያየ ነው። አይለምንም፣ አይቆጣም፤ አብሮ ሲሠራ እንደኖረ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ሦስት። ከጀርባዋ የሚስቱ ትንፋሽ ይሰማታል። ሁለት።

ቀኝ እጇ ይንቀሳቀሳል። የሚመጣው ጩኸት ቀረጻውን እንዳይሰነጥቀው የድምፁን መጠን ዝቅ፣ ዝቅ ታደርገዋለች።

«ጭልፊት!»

መስታወቱ ይርገበገባል። ስሙ ሲጀምር ሙሉ ነው፤ መሀል ላይ ይሰነጠቃል። «ሩጪ!» የሚለው እንደሚቀደድ ሸራ ይወጣል፤ ቢሆንም የመምህሩ አፍ እስኪገጥም ድረስ ይዘልቃል። ወረቀቶቹ ከእጁ አምልጠው ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

ሚስቱ ቆማለች። አሁንም የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የድምፅ ቀጂዋን ቀኝ እጅ ትክ ብላ ታያለች።

«አውቀሽ ነው» ትላለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልታስቆሚው ትችዪ ነበር።»

«እችል ነበር።»

ማዶ ሽማግሌው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «ተቀዳ?» ማለቱ ነው። ማይኩ ክፍት ነው፤ በማጉያው ግን ምንም አይመጣም። ድምፅ ቀጂዋ አውራ ጣቷን ታሳየዋለች። ራሱን ነቅንቆ በጉልበቱ ይንበረከክና ወረቀቶቹን መልቀም ይጀምራል።

ድምፅ ቀጂዋ ስድብ ትጠብቃለች፣ ጥፊም ቢሆን። ሚስትየዋ ግን እጇን ትዘረጋለች። «ወዲህ በዪ እሱን።»

ማዳመጫውን ነው። ሻሿን ገፋ አድርጋ ጆሮዋ ላይ ትደፋዋለች። ድምፅ ቀጂዋ ታጫውትላታለች። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ትከሻዋ አንዴ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ይረግባል።

«ሠላሳ አራት ዓመት» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጆሮው እንደተደፈነ ሰው ጮክ ብላ። «ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም።»

ከመስታወቱ ማዶ ባሏ አንዷ ገጽ ወንበር ስር ገብታበት፣ እጁን ሰዶ ይዳብሳታል።

«ድገሚልኝ» ትላለች።