የቃሬዛው ጠፍር

«ፈርም ትለኛለህ፤ እጄ መያዙን አታይም?» አለ አለሙ፣ የረጠበውን ጠፍር በቃሬዛው እንጨት ላይ አዙሮ በጥርሱ እየሳበ።

መምህር ምትኩ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን እንደያዘ ደጁ ላይ ቆመ። ከደብረ ታቦር መንገዱ እስከሚያልቅበት በሚኒባስ፣ ከዚያ የጉናን ዳገት በእግሩ ሦስት ሰዓት መጥቷል። የመጣው ለአንድ ፊርማ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚጨርስ ተማሪ ሁሉ አርባ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠቱን በቅጽ ካላስመሰከረ ካርድ አያገኝም። ካርድ ከሌለ ኮሌጅ የለም። ደንቡን ለትምህርት ቤቱ ያመጣው ራሱ ምትኩ ነው፤ ከተማረበት ከፈረንጅ አገር፣ ቅጹንም ሳጥን በሳጥን ተርጉሞ። ቦርሳው ውስጥ ስድሳ ሦስት ቅጾች አሉ። ሁሉም ልክ አርባ ሰዓት ይላሉ። ሁሉም አንድ አጎት ወይም አንድ የክርስትና አባት ያስመታው ማኅተም አላቸው። ከእነሱ ሌላ የያዘው፣ የዚሁ መንደር ልጅ የሆነችው የተማሪዋ የሠናይት ቅጽ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ይላል፤ የተገልጋዩ ፊርማ ቦታም ባዶ ነው። ርእሰ መምህሩ ትናንት «ሰኞ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ከአርባ በታች ያለ እንዳታስገባ» ብለውታል።

ሠናይት ከግድግዳው ሥር ቆማ ያዘለችውን ሕፃን እሹሩሩ ትላለች። ልጁ የአለሙ ነው። ሁለት ወሩ።

«አያ አለሙ» አለ ምትኩ፣ «ሠናይት ያን ቀን ከባለቤትዎ ቃሬዛ ኋላ ስለዋለች ነው። ቅጹ ተገልጋዩ ይፈርም ይላል።»

«ተገልጋይዋማ ዓይናለም ነበረች።»

የአለሙ ሚስት ዓይናለም ከሁለት ወር በፊት ምጥ ጠንቶባት፣ ሃያ ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሟት ሲወርድ፣ የመኪናው መንገድ ሊታይ ሲል ከአንድ አስታ ዛፍ ሥር ወለደች። ደሟ አልቆም ብሎ እዚያው አረፈች። ሠናይት ሕፃኑን በነጠላዋ ተቀብላ፣ ያንኑ መንገድ ከአስከሬኑ ኋላ ሽቅብ ተመለሰች። ቅጹ ላይ የጻፈችው «ስንወርድ አምስት ሰዓት፣ ስንመለስ ስድስት» ብላ ነው።

«እዚያ ፈረንጅ አገር» አለ አለሙ ቀና ሳይል፣ «ሰው ሲታመም ማን ይሸከመዋል?»

«መኪና ይመጣል።»

«ለመኪናውም ይፈረማል?»

«ይፈረማል።»

«ወይ ጉድ! ታሞም ፊርማ!»

ሠናይት ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ምትኩ ወደ እሷ ዞረ። «ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ስትመጪ ሕፃኑን አዝለሽ ነው የምትውይው፤ አይደል? እሱን ጻፊ። የጎደለሽ ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተርፎም ይፈሳል።»

«አልጽፍም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ነገ አድጎ ‹በሰዓት ነው ያዘለችኝ› ይበለኝ?»

«ጻፊው እንጂ ልጄ» አለ አለሙ። «እኔ አልቀየምሽም።»

«እሷስ፣ አያ?»

አለሙ ጠፍሩን ለቀቀ። ሠናይት አንገቷን ደፋች። «ኮሌጁን አልፈልግም አላልኩም» አለች። «ሌት ተቀን ነው ያጠናሁት። ግን እሱን አልጽፍም።»

ከጉና የሚወርደው ነፋስ የገብሱን ማሳ እያስተኛ አለፈ።

«ይኸን ቃሬዛ ዛሬ ነው የምመልሰው» አለ አለሙ፣ ለማንም ሳይሆን። «መጨረሻ የተሸከሙበት ቤት ጠፍሩን አድሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይመልሳል። ደንባችን ነው። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሁለት ወር አስቀመጥኩት። በመሀል ሌላ ሰው ቢታመምስ ኖሮ?» ከዚያ ወረቀቱን በአገጩ አመለከተ። «በል አንብብልኝ። ምን ምን ይላል?»

«የአገልግሎቱ ዓይነት። ቀን። የሰዓት ብዛት።» ምትኩ እዚህ ላይ ንባቡን ገታ።

«ቀጥል እንጂ።»

«የአገልግሎቱ ውጤት።»

ስድሳ ሦስቱ ቅጾች እዚህ ሳጥን ላይ «ጥሩ» እና «በጣም ጥሩ» ይላሉ። ምትኩ ይህችን መስመር ሲተረጉም ማን ፊት ቆሞ እንደሚያነባት አላሰበም ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ቃጣው።

አለሙ መዳፉን አዲሱ ጠፍር ላይ አሳረፈ።

«‹ሰው አልጎደለባትም› ብለህ ጻፍ» አለ።

ምትኩ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ደግፎ እንደተባለው ጻፈ። አለሙ እጁን በጋቢው ጠራርጎ፣ በልጅነቱ የተማራቸውን ፊደላት አንድ በአንድ እያስታወሰ ስሙን አሰፈረ። ከዚያ ምትኩ ድምሩ ላይ «አሥራ አንድ» ብሎ በፊደል ጻፈና ‹ያረጋገጠው መምህር› በሚለው ሥር ፈረመ።

«ካርዴስ፣ ጋሼ?»

«ሰኞ ቅጹን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። ይህን ካልተቀበሉ የስድሳ ሦስቱንም አላረጋግጥም።»

«እሺ ይላሉ?»

«እንጃ» አለ ምትኩ።

ሠናይት ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችው። አለሙ የጠፍሩን ጫፍ አነሳ።

«እንግዲህ እጅህ ባዶ ከሆነ ና፣ በወዲያ በኩል ያዝልኝ።»

ምትኩ ቅጹን ድንጋይ ጫነበትና ጎንበስ አለ። የቃሬዛው እንጨት፣ ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከተሸካሚው ብዛት ልሞ ያብረቀርቃል። የረጠበውን ቆዳ በመዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው።

«አጥብቅ!» አለው አለሙ ከወዲያ እየሳበ። «ሰው ይተኛበታል።»

ምትኩ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ሳበ። ጠፍሩ መዳፉን ከረከረው። አልለቀቀም።